አስራ አራት ለአንድ

ዛሬ ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሜ ስለ ግብፃዊው ዲፕሎማት ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ሳነብ ነበር። በኖቬምበር 1977 (እ.ኤ.አ.) የግብፁ ፕሬዝዳንት ሳዳት ጠላት ወደምትባለው እስራኤል፣ «ኢየሩሳሌም እሄዳለሁ» ሲሉ የግብፁ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስማኤል ፋህሚ ሥራቸውን ለቀቁ። ሚኒስትር ዴኤታው መሐመድ ሪያድም ተከተሏቸው። በዚያ ጭንቅ ቦታውን በተጠባባቂነት የያዙት የካይሮ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ፕሮፌሰር ጋሊ ናቸው። ከሳዳት ጋር ሄዱ። ድፍረት ነው ወይስ ዕድል? እኔ ድፍረት እላለሁ።

በኋላ የተመድ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ለሁለተኛ ዘመን ሲቀርቡ ከ15ቱ የጸጥታው ምክር ቤት አባላት 14ቱ ደገፏቸው። አሜሪካ ብቻዋን በቬቶ (ውሳኔን በአንድ ድምፅ የመሻር መብት) ጣለቻቸው።

ጮክ ብዬ «እንዴ!» አልኩ መሰለኝ። ከፊቴ የቆሙት እናት ዞር ብለው «ምነው ልጄ፣ ታክሲ መጣ?» አሉኝ።