አሮጌ ትሬለር ማደስ፦ ከቀለሙ በፊት ውሃውን

አሜሪካ ውስጥ ብርዱ ሲያልፍ ሸራ ለብሰው የከረሙ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ትሬለሮች፣ ማለትም በመኪና የሚጎተቱ አልጋ ያላቸው የጉዞ ቤቶች፣ ለሽያጭ ይወጣሉ። ዋጋቸው ያጓጓል። ብዙው የኛ ሰው ገዝቶ የሚጀምረው ከመጋረጃና ከቀለም ነው። እነዚህን ትሬለሮች የሚጨርሳቸው ግን የዝናብ ውሃ ነው፤ ቀለም ቢደብቀው እንጂ አያቆመውም።

የብዙዎቹ የውጭ ላሜራ አሉሚኒየም ስለሆነ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ከስሩ ያለው ግን ቀጫጭን ሞራሌ ነው፣ ያውም በስቴፕል የተያያዘ። ውሃ የሚገባው ጣሪያና ግድግዳ በሚገናኙበት ጠርዝ፣ በመስኮቶቹ ዙሪያና በጣሪያው ማናፈሻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ካቻቪቴ ይዛችሁ አራቱንም ማዕዘን፣ የመስኮቶቹን የታች ጥግ፣ የአልጋውን ስርና በሩ አጠገብ ያለውን ወለል ጫን ጫን እያደረጋችሁ ፈትሹ። ጫፉ ሰርጎ ከገባ እንጨቱ በስብሷል። ግድግዳው ላይ የሻይ ቀለም ያለው እድፍ ካያችሁ ከጀርባው ያለው ጉዳት ከሚታየው ይበልጣል ብላችሁ ተደራደሩ። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) በሻጩ ስም ይሁን፤ የሻሲ ቁጥሩንም ብረቱ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ።

ስራው የሚጀምረው ከጠርዝ ነው። ማዕዘኑን የሚሸፍነውን አሉሚኒየም ብሎኖቹን ፈታችሁ አንሱት፤ የደረቀውን ማጣበቂያ በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቃችሁ የቀረውን በሚነራል ስፒሪት (የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) ጥረጉ። የበሰበሰውን ሞራሌ አንድ በአንድ ቀይሩ። ሁሉንም ባንዴ ካወጣችሁት ግድግዳው ይጠምና ላሜራው ወደ ቦታው አልመለስም ይላል። ከዚያ በጠርዙ ርዝመት ሁሉ ሳይቋረጥ ቡቲል ቴፕ (ውሃ የሚከላከል፣ እንደ ላስቲክ ለስላሳ የሆነ ማጣበቂያ) ለጥፉና መልሳችሁ እሰሩት። የድሮው ቀዳዳ ስለላላ፣ ብሎኑ አንድ ቁጥር ወፈር ያለና የማይዝግ ይሁን። ባንዴም እስከ መጨረሻው አታጥብቁት፤ ቡቲል ቀስ እያለ ስለሚጨመቅ በማግስቱ ተመልሳችሁ አጥብቁና የተረፈውን ቁረጡ። ሲሊኮን ይቅርባችሁ። ርካሽ ነው፣ ግን አንዴ ከተቀባ በላዩ ሌላ ማጣበቂያ አይይዝም፤ ቀጣዩ ጠጋኝ እሱን ሲፍቅ ይውላል።

ለወለሉ 5/8 ኢንች ኮምፔርሳቶ ይበቃል፤ ከማስገባታችሁ በፊት ጠርዞቹን ውሃ በማያስገባ ቀለም ቀቡ። የአይጥ ኩስ ካለ በደረቁ አትጥረጉ፤ በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ ቀላቅላችሁ አርጥቡና 5 ደቂቃ ቆይታችሁ አንሱት። ጓንት አይረሳ።

መብራቱ ላይ አንድ አደገኛ ስህተት አለ። የትሬለሩ የ30 አምፒር ሶኬት ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ የልብስ ማድረቂያ ሶኬት ይመስላል። የማድረቂያው ግን 240 ቮልት ሲሆን የትሬለሩ 120 ነው። የቤት ኤሌክትሪሺያን ሳይቀር ይሳሳትበታል፤ 240 የገባበት ቀን ቻርጀሩም ማይክሮዌቩም አብረው ይቃጠላሉ። ስለዚህ በመለኪያ ሳታረጋግጡ አትሰኩ። በትሬለሩ የመብራት ሳጥን ውስጥ ደግሞ ኒውትራል (የመብራቱ መመለሻ ሽቦ) እና ግራውንድ (የመሬት ሽቦው) መገናኘት የለባቸውም፤ ከተገናኙ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የነካ ሰው በኤሌክትሪክ ሊያዝ ይችላል። የጋዝ ቧንቧውን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አትፈትኑ።

ጎማው ጥርሱ ስላልተበላ ብቻ አትመኑት። ጎኑ ላይ DOT ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ካለው ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው ቀይሩት። ኩሽኔታውንም አውጥታችሁ አጥባችሁ በአዲስ ግራሶ ሙሉት፤ ይህ በየዓመቱ የሚደገም ነው።

ቡና ወይም ምግብ ልትሸጡበት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አንድም እንጨት ሳትቆርጡ የካውንቲውን ጤና ቢሮ መስፈርት ጠይቁ። የእጅ መታጠቢያው ለብቻ፣ የእቃ ማጠቢያው ባለ ሦስት ገንዳ እንዲሆን በብዙ ቦታ ይጠየቃል፤ የንጹህና የቆሻሻ ውሃ ታንኮቹም መጠን ቀድሞ ካልታወቀ የተሰራው ወለል እንደገና ይነሳል።