ከባንኮክ ሲንጋፖር፦ በረራው አጭር ነው፣ የሚያስቸግረው ከበረራው በፊት ያለው ነው

ከአዲስ አበባ ባንኮክ በአንድ ቲኬት፣ ከባንኮክ ሲንጋፖር ደግሞ በሌላ ርካሽ ቲኬት መሄድ ገንዘብ ይቆጥባል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ቲኬት ሻጩ ግን «በመሃል ሁለት ሰዓት ይበቃሃል» ነበር ያለኝ። ይህን ምክር አትስሙ።

ከባንኮኩ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሲንጋፖሩ ቻንጊ በቀጥታ መስመር 1417 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ብታካፍሉት 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይመጣል፤ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ማስሊያዎችም የሚሰጡት ይህን መሰል ቁጥር ነው። አየር መንገዶቹ ግን 2 ሰዓት ከ20 ወይም ከ25 ደቂቃ ይጽፋሉ፤ ትክክለኞቹም እነሱ ናቸው። አውሮፕላኑ ከበሩ ተነስቶ መንደርደሪያው እስኪደርስ፣ ከፍታ እስኪይዝ፣ ቻንጊ ላይ ተራ ጠብቆ ዞሮ እስኪያርፍ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። ከሰዓት በኋላ ሲንጋፖር ላይ ነጎድጓድ ካለ ደግሞ አየር ላይ መዞር አለ።

ሲንጋፖር ከባንኮክ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ 10:00 ተነስቶ 13:25 የሚደርሰው በረራ 3 ሰዓት ከ25 አይፈጅም። ሲመለሱ 14:00 ተነስቶ 15:25 መድረሱም ነፋስ ገፍቶት አይደለም።

አሁን ወደሚያናድደው። ባንኮክ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ አላት። የቲኬት መፈለጊያዎች «ባንኮክ» ብለው ሁለቱን ይቀላቅላሉ፤ ርካሹ በረራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዶን ሙዌንግ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ሱቫርናቡሚ ነው። በመሃላቸው ከተማው አለ፤ የባንኮክ መንገድ ከተዘጋጋ ደግሞ ጉዞው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቀጣይ ቲኬት ላለው ሰው ነጻ አውቶቡስ አለ፤ እሱም ግን ያው መንገድ ላይ ነው የሚቆመው።

ቲኬቱ የተለያየ ከሆነ ሻንጣችሁ በራሱ አይተላለፍም። በኢሚግሬሽን አልፋችሁ ታይላንድ መግባት፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ እንደገና ቼክ ኢን መሰለፍ አለባችሁ፤ ለመግባት የሚያስፈልገውን ቪዛ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ርካሾቹ አየር መንገዶች በአብዛኛው ከመነሻው 60 ደቂቃ በፊት የቼክ ኢን መስኮቱን ይዘጋሉ፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁም ማንም ቲኬት አይቀይርላችሁም። በሁለት ሰዓት ይህ ሁሉ አይሆንም። የእኔ ልክ፦ ሁለቱም በረራ ሱቫርናቡሚ ከሆነ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ዶን ሙዌንግ ካለበት 6 ሰዓት። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ቲኬት ግዙና ተገላገሉ።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ካርዱን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። የሲንጋፖርን የመግቢያ ቅጽ ከመድረሻችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ሙሉ፤ ነጻ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካገኛችሁ ዝጉት።