እንኳን አደረሳችሁ! ዘንድሮ ምርቃቴ ለሚጠግኑት ነው

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! አገር ቤት ያላችሁም፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይና ስቶክሆልም ሆናችሁ ዘንድሮም ቄጠማውን በስልክ ብቻ የምታዩትም፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ።

ዛሬ ጳጉሜ 5 ነው፣ የዋዜማው ምሽት። ግቢ ውስጥ የተለኮሰው ችቦ አልቋል፤ ጭሱ ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ቤቱን ሞልቶታል። እናቴ የዶሮውን ሽንኩርት እያቁላላች ነው። ማድ ቤት ቧንቧው ተከፍቶ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። ይህን ድምፅ ሦስት ወር ሙሉ አልሰማነውም ነበር።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን የውሃ ፓምፕ ግንቦት ላይ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ውሃ በጀሪካን ነበር፣ አራት ፎቅ በደረጃ። አዲስ ፓምፕ ለመግዛት መዋጮ ተጀመረ፤ ግን የምንዛሪው ነገር ከተቀየረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ የማይቀመስ ሆኗል፣ ብሩ ሊሞላ አልቻለም። በመጨረሻ ነገሩን የፈቱት ታች የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ሞተሩን አውርደው ፈቱት፣ የተቃጠለውን ሽቦ አስጠቀለሉ፣ ኩሽኔታውን ቀየሩ። የአዲሱን ሩብ እንኳ በማይሞላ ገንዘብ ፓምፑ ተነሳ። ሲፈቱት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ከተተከለ ጀምሮ ግራሶ ቀምሶ አያውቅም» አሉኝ።

ይቺ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። ክረምቱን በሙሉ ከተማውን ስዞር፣ የማየውን ሁሉ ግራሶ ማን ይቀባዋል እያልኩ ነው ያሳለፍኩት።

ቀላል ባቡሩን ውሰዱ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር ሥራ የጀመረው፤ የፊታችን ሳምንት ድፍን አሥር ዓመት ይሞላዋል። የመጀመሪያው ሰሞን ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ለመሳፈር ብቻ ብለው የመጡ እናቶች፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ አስታውሳለሁ። እኔም የሄድኩበት ጉዳይ አልነበረኝም። እንዲሁ ደስ ብሎኝ ተሳፈርኩ። 475 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ሥራ ነው፣ አብዛኛው የቻይና ብድር። 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ባለፉት ዓመታት ብዙዎቹ በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ ዕጦት ከመስመር ወጥተው ቆመዋል። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ድልድዩ አለ። አንዲት ትንሽ ዕቃ በዶላር መግዛት ባለመቻሉ ግን ስንት ሠራተኛ ማታ ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ ይመታዋል። ለጥገናና ለመለዋወጫ የሚሆነው ገንዘብ ገና ብድሩ ሲፈረም አብሮ መታሰር ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ እንደ አገር ፕሮጀክት ስናወጣ የመጀመሪያውን ቀን እንጂ አሥረኛውን ዓመት አስበን አናውቅም፣ ይህ ደግሞ በአንድ መንግሥት ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ የሚለጠፍ አይደለም፣ የኛ ብሎክም ያው ነው።

ትናንት የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ አልቅሻለሁ። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል ተማሪ ነበርኩ፤ እናቴ ከደሞዟ እየተቆረጠ ቦንድ ገዝታበታለች፤ እናንተም ውጭ ያላችሁት ገዝታችኋል። 5,150 ሜጋ ዋት። 13 ተርባይኖች። ደስታዬ ሙሉ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ያሰብኩት እዚያ ጉባ በረሃ ውስጥ ለሚቀሩት ቴክኒሻኖች ነው። እንግዶቹ ተመልሰዋል፣ ድንኳኑ ይነሳል። እነሱ ነገ በዓሉን የሚውሉት ተርባይን ሲጠብቁ ነው። በዚህ አጋጣሚ ልጆቻቸው አበባየሆሽ ሲሉ አጠገባቸው ለማይሆኑ አባቶችና እናቶች፣ እንኳን አደረሳችሁ።

የግድቡ ነገር ከመኪናው ጋር ይያያዛል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ የተወሰነው ጥር 2016 ላይ ነው፤ በዓለም ቀድመን የወሰንነው እኛ ነን። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ይመጣል፣ ስሌቱ ግልጽ ነው። የሚያሳስበኝ ሰፈራችን ያለው ጋራዥ ነው። እዚያ ያሉት ልጆች የቶዮታ ሞተር ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈታሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን እንዳይገድላቸው ይፈራሉ፣ ደግሞም እውነታቸውን ነው፣ ማንም አላስተማራቸውም። ቴክኒክና ሙያ ተቋማቱ እነዚህን ልጆች ከጋራዥ ጠርተው፣ የሥራ ልምዳቸውን ቆጥረው ቢያሠለጥኗቸው፣ ከማንኛውም አዲስ ሕግ ይልቅ ለፖሊሲው የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሰኔ ላይ ድሬ ሄጄ ነበር። ከለቡ ጣቢያ፣ በአዲሱ ባቡር። ፈንታሌ ተራራን በመስኮት እያየሁ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ቆሎ እያካፈሉኝ። ድሬዳዋ እንደምታውቁት የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አትኖርም ነበር። አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ለገሃር የምንለው ስም ራሱ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያ ማለት። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሻይ ከጠጣሁ በኋላ የድሮውን የምድር ባቡር ወርክሾፕ ለማየት ሄድኩ። ግቢው ጸጥ ያለ ነው፣ የብረትና የዘይት ሽታ አለው፣ ብረት የሚቀረጽባቸው ማሽኖች፣ ቶርኖዎቹ፣ በተርታ ቆመዋል። አብረውኝ የዞሩት የቀድሞ ሠራተኛ እጃቸውን አንዱ ቶርኖ ላይ አሳርፈው፣ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ወራት ሲፈጅ ጎደለ የተባለውን ብረት እዚያው ቆርጠውና አሞርደው ባቡሩን እንዴት መልሰው እንደሚያስነሱት ነገሩኝ። የሚያወሩት በኩራት ነው። በአማርኛው መሀል የዕቃው ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ይመጣል። ያ ባቡር መቶ ዓመት ገደማ የኖረው በእነዚህ ሰዎች እጅ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ በማታ ሄድኩ። ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ ሴቶች ብቻቸውን ሳይፈሩ ይሄዳሉ። እናቴም ከጉልበቷ ሕመም ጋር ማታ ማታ እየወጣች ትራመዳለች። ይህን ማቃለል አልፈልግም። በዚያው መንገድ ግን ፒያሳ ያደጉ ጓደኞቼ ሰፈራቸው ፈርሶ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ፣ ነገ የበዓል ቡና ማን ጋር እንደሚጠጡ የማያውቁ አሉ። ዕድርና ቡና አጣጪ በአንድ ዓመት የሚተከል ነገር አይደለም። እነሱን ነገ ቤታችን ጠርቻቸዋለሁ። እናንተም በየአካባቢያችሁ አዲስ የገባ ጎረቤት ካለ በሩን አንኳኩ።

ከፈጠራ ሁሉ ዘንድሮ ያመሰገንኩት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። አክስቴ ገጠር ናት፣ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፣ ኢንተርኔት የለውም። የዶሮ መግዣ በቴሌብር ላክሁላት፣ በ*127# ገብታ አየችው። ያን ያሰበ ሰው የአክስቴን ስልክ አስቦ ነው የሠራው።

ታችኛው ቤት ያሉት አባት ከሰዓት በኋላ ፓምፑን ሲያዳምጡ አይቻቸዋለሁ፤ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው፣ በትንሽ ጣሳ ግራሶ ይዘው። ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ድፎ ዳቦ የሚቆረሰው እሳቸው ቤት ነው፣ ብሎኩ ተስማምቷል። ድሬ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ወርክሾፑን እንዴት እንደምታዩት እነግራችኋለሁ። መልካም አዲስ ዓመት!