የጥንት አውሮፕላኖች በስታዲየም ሰማይ ላይ

ድሬዳዋ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእግር ኳስ ውድድር ላይ ማይክሮፎን ይዤ የተጫዋቾችን ስም የማስተዋውቅ እንደመሆኔ፣ አሜሪካውያን በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት የኮሌጅ ግጥሚያ ሲከፈት ጥንታዊ አውሮፕላኖች በስታዲየሙ አናት የሚያልፉበትን ሥነ ሥርዓት በልዩ ትኩረት እከታተላለሁ። ለዚህ ከሚመረጡት አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አብራሪዎች የሠለጠኑበት ቲ-6 ቴክሳን ነው፤ ሞተሩ ዘጠኝ ሲሊንደሮች በክብ የተደረደሩበትና 600 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ የፕሮፔለሩ ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ የሚያሰማው ጩኸት ከጄት ድምፅ ፈጽሞ ይለያል።

ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የሰዓት አጠባበቁ ነው። አብራሪዎቹ ራቅ ብለው እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ስታዲየሙ ውስጥ ሬዲዮ የያዘ ሰው ብሔራዊ መዝሙሩ የት እንደደረሰ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም የመጨረሻው ስንኝ ሲያበቃ ከሕዝቡ በላይ ለመድረስ ፍጥነታቸውን አስልተው ይመጣሉ። አስተዋዋቂው የአውሮፕላኑን ዓይነት መናገር ያለበት ከመድረሳቸው በፊት ነው፤ በሞተሩ ድምፅ ላይ መናገር፣ በእኔ እምነት፣ ተመልካቹ የናፈቀውን መንጠቅ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው በዚያው የጦርነት ዘመን በተሠሩ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። ከእነዚያ ዓይነቶች አንዱ በድሬዳዋ ስታዲየም ላይ ቢያልፍ፣ መምጣቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ለማብሠር ከልቤ እመኛለሁ።