ሳራቶጋ ላይ ልጆቹም ተወራራጆቹም እንዳይሰለቹ

በየዓመቱ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ከኒውዮርክ ግዛቷ አልባኒ ጥቂት ቤተሰቦች አሰባስቤ ወደ ሳራቶጋ የፈረስ ውድድር ሜዳ እንሄዳለን። ገሚሱ የሚመጣው ለሽርሽር ነው፣ ገሚሱ ለውርርድ። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማዋል የኔ ሥራ ነው።

መጀመሪያ እናቶች አኮረፉ። «ልጅ ይዞ ቁማር ቤት?» አልፈርድባቸውም። ግን ሜዳው ያለ ውርርድ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1863 የጀመረው ጆን ሞሪሲ የሚባል የቀድሞ ቦክሰኛ ነው። የኒውዮርክ ግዛት ውርርድን በሕግ ሲያጠብቅ በ1911 እና በ1912 ውድድሩ ጭራሽ ቆሞ ነበር። ዛሬም ፈረሶቹ ከሚሸለሙት ገንዘብ ብዙው ከውርርድ ላይ የሚቆረጥ ነው።

ዋናው ነገር የምንቀመጥበት ቦታ ነው። ትልቁ መቀመጫ ላይ ሆነህ ብታይ ውድድሩ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። ልጅ ስልኩ ላይ ይተከላል። እኛ ጓሮው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ፈረሶቹ ኮርቻ ወደሚጫንባቸው ቦታ በሚያልፉበት መንገድ አጠገብ እንይዛለን። ከየውድድሩ 17 ደቂቃ በፊት በእጅ ደወል ይደወላል። ልጆቹ ደወሉን ሲሰሙ ቋንጣ ፍርፍሩን ጥለው ይሮጣሉ። (የራስን ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ተባረኩ።) ተወራራጆቹም እዚያው አጥሩ ላይ ናቸው። ፈረሱ ተረጋግቷል? አልቦታል? ልጅም አዋቂም የሚያየው አንድ ነገር ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ቢበላ የማይቆጨውን ያህል ጠዋት ፖስታ ውስጥ ያደርጋል። ኤቲኤም ጋ መሄድ የለም። ከ18 ዓመት በታች መወራረድ ሕጉም አይፈቅድም፣ ስለዚህ ልጆቹ ፈረስ ይመርጣሉ፣ የቀናው አይስክሬም ይበላል። አንድ ጋሼ ደግሞ ፈረስ የሚመርጡት በስሙ ብቻ ነው። «ምኒልክ በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው ተብለው የለ?» ይላሉ። ውጤታቸው ከነ ሊቃውንቱ ብዙም አያንስም።

ሁሉም የወደደው ፈረስ ላይ መረባረብ ግን አያዋጣም። ገንዘቡ አንድ ላይ ይጠራቀማል፣ ሜዳው ድርሻውን ይቆርጣል፣ የቀረውን አሸናፊዎቹ ይካፈሉታል። ሰው በበዛ ቁጥር የሚደርስህ ትንሽ ነው። ደግሞም ሳራቶጋ የሻምፒዮኖች መቃብር ይባላል። ማን ኦ ዎር የሚባለው ዝነኛ ፈረስ በሕይወቱ አንዴ ብቻ የተሸነፈው እዚህ ነው፣ በ1919፣ አፕሴት በሚባል ፈረስ። ሌላው ዝነኛ ፈረስ ሴክሬታሪያትም በ1973 ኦኒየን ለሚባል ፈረስ እጅ ሰጥቷል።

ትራቨርስ የሚባለው የሳራቶጋ ትልቁ ውድድር በሚሮጥበት ቅዳሜ ልጅ ይዤ አልሄድም፣ መተንፈሻ የለም። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሻላል። ሰኞና ማክሰኞ አብዛኛውን ጊዜ ውድድር የለም። ነጻ ጠረጴዛ የሚፈልግ ማለዳ በር ሲከፈት መድረስ አለበት። ያንን ሥራ የምሰጠው ለተወራራጆቹ ነው፤ እነሱ እንደሆኑ ሌሊቱን የውድድሩን ፕሮግራም ሲያጠኑ ነው የሚያድሩት።