ለንቅሳት የሚሆነኝን ጓንት እንዴት መረጥኩ

ንቅሳት ስማር ስለ መርፌና ስለ ማሽን ሲያወራ የሚውል ሰው አላጣሁም። ጓንት ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ «ብቻ አድርግ» በሚል ያልቅ ነበር። የትኛውን? ለምን? ይህን ራሴ እየፈተንኩ ነው የለየሁት።

መጀመሪያ የተውኩት ቪኒል የሚባለውን የፕላስቲክ ጓንት ነው። አይለጠጥም፣ ጣት ጫፍ ላይ ይሸበሸባል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ላቴክስ በተቃራኒው እጅ ላይ ልክክ ይላል፤ በምቾት የሚያህለው እስካሁን አላገኘሁም። የሚያጣላው ከቫዝሊን ጋር ነው። ስንነቅስ ቆዳው ላይ የምንቀባው ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ቅባት ስለሆነ ላቴክስን ያላላዋል። ይህን ለማየት የላቴክሱንም ከሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራውን የናይትራይሉንም አንዳንድ ጣት ቫዝሊን ቀብቼ አቆየሁና ሳብኳቸው። ላቴክሱ አብጦና ላልቶ ስለነበር ገና ስስበው ተበጠሰ፤ ናይትራይሉ ምንም አልሆነ።

ላቴክስን የምተውበት ሌላም ምክንያት አለ። ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ ስለሚሠራ ውስጡ ያለው ፕሮቲን አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል፤ አንዳንዴ ትንፋሽ እስከማሳጠር ይደርሳል። እኔን ባይነካኝ ደንበኛዬን ሊነካው ይችላል። ለማጥለቅ እንዲቀል ዱቄት የተነሰነሰበት ላቴክስ ደግሞ ፕሮቲኑን ወደ አየር ስለሚበትነው ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ ዱቄት ያለው የሕክምና ጓንት ከጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታገደውም በዚህና በመሳሰሉት ምክንያቶች ነው። ናይትራይልም ቢሆን ሲመረት በሚገቡበት ኬሚካሎች ቆዳው የሚቆጣ ሰው አለ፤ እጅ ማሳከክ ከጀመረ የምርት ዓይነቱን መቀየር ነው።

ማሸጊያው ላይ የማየው የሕክምና ጓንት መሆኑን ነው። የአውሮፓው ኢኤን 455 ደረጃ ያለበትና ኤኪውኤሉ 1.5 ወይም ከዚያ በታች የሆነውን እመርጣለሁ። ይህ ቁጥር ሲመረመሩ ቀዳዳ ያለባቸው ጓንቶች እስከምን ድረስ እንደሚፈቀዱ የሚያሳይ ስለሆነ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ውፍረቱ ለእኔ ከ4 እስከ 6 ሚል ከሆነ ይበቃል (1 ሚል 0.025 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው)። ከዚያ ሲወፍር የማሽኑ ንዝረትና የቆዳው ውጥረት አይሰማኝም። መጠን ላይ አልደራደርም። የጠበበው አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ይተረተራል፤ የሰፋው ደግሞ ጫፉ ተጣጥፎ ቆዳ ስወጥር ይንሸራተታል።

ቀለም ላይ ከብዙ ነቃሾች ጋር አልስማማም። ጥቁር ፎቶ ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ደሙንም ቀለሙንም ይደብቃል። እኔ ፈዘዝ ያለውን ነው የማደርገው። አንድ ጊዜ ጥላ ስሞላ የመሃል ጣቴ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ከውስጥ በኩል ስትሰፋ አየሁ። ተቀዷል። ማሽኑን አስቀምጬ፣ ጓንቱን አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ ሌላ አደረግኩ። ጥቁር ቢሆን ኖሮ እስክጨርስ አላየውም ነበር።

ጓንት ከመርፌ ውጋት አያድንም። በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ አምጪ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ሊቆይ ስለሚችል ክትባቱን የጓንት ያህል እቆጥረዋለሁ። እየነቀስኩ ስልክ፣ መብራት ወይም መሳቢያ ከነካሁ ያው ጓንት ወደ ደንበኛው አይመለስም። አልኮል ቀብቶ መቀጠልም የለም፤ ጓንቱን ያደክመዋል። ሳወልቅ ከእጅ አንጓው ይዤ ወደ ውስጥ ገልብጬ ነው፤ ከዚያ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። እጄ በደንብ ሳይደርቅ አዲሱን ለማጥለቅ መታገልም ጓንት መቅደድ ነው።

ሌላው ትንሽ የምትመስል ነገር ካርቶኑ ነው። ሥራ መሃል የቆሸሸ እጅ ካርቶኑ ውስጥ ከገባ የቀሩት ጓንቶች ሁሉ ይበከላሉ። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ያስፈልጉኛል ብዬ ከምገምተው ሁለት ጥንድ ጨምሬ አወጣና ንጹህ ወረቀት ላይ እደረድራለሁ፤ ካርቶኑን ቁምሳጥን ውስጥ ዘግቼበት ነው የምቀመጠው።