«ተነስ በቃ!»

ዛሬ የእህቴ ልጅ ገደለኝ። አራት ዓመቱ ነው። የፕላስቲክ ሽጉጡን ደግኖ «ዷ! ሙት!» ሲለኝ ወግ አይቅርበት ብዬ ምንጣፉ ላይ ተዘረርኩ።

ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። መዳፉን አፍንጫዬ ስር አድርጎ ትንፋሼን ጠበቀ። እኔም ክፋቴ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። «ተነስ በቃ!» አለ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ጣቱ ግን አሁንም ቃታው ላይ ነው።

መከልከሉ ብዙም አይዋጥልኝም፤ ሽጉጡን ብትነጥቀው በጣቱ ይተኩሳል። የሚያሳስበኝ እውነተኛውን ከአሻንጉሊቱ መለየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ወንዶች መሳቢያ ውስጥ እውነተኛ ሽጉጥ (ጥይት አልባ) እንዲያገኙ ተደርጎ ነበር። ካገኙት ግማሽ ያህሉ ወይ አሻንጉሊት መስሏቸዋል፣ ወይ እርግጠኛ አልነበሩም። የኛው ገና አራት ነው!

ማታ «እንዲህ ያለ ነገር ወድቆ ብታይስ?» አልኩት።

«አነሳዋለሁ።»

«አትንካው። ሮጠህ ንገረኝ።»

ትንሽ አሰበ። «እሺ፣ ስመጣ ግን እንዳትሞት።»